«ኮምፒውተሩ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ለመካኒኮች፣ ለሹፌሮችና ለመኪና ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው ተገልብጦ ትንሽ ብቻ ተስተካክሏል።

እሺ ከኋላ ይሰማል? አቦ ከኋላ ያላችሁት ወደፊት ቀረብ በሉ፣ ፋኑ ይጮሃል፣ እንዳናጠፋው ደሞ ሙቀቱን እያያችሁት ነው። አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ ሁላችሁም።

ዛሬ የማወራው ስለ ሞተር ኮምፒውተር ነው፣ ኢሲዩ ስለምንለው ሳጥን፣ ከዳሽቦርድ ስር ወይ ተሳፋሪው እግር ጋ ተደብቆ ስለሚቀመጠው። የዘንድሮ መኪና ላይ ያለውን አይደለም፣ እሱን ላፕቶፕ የያዙት ልጆች ያውቁታል፣ እኔ የማወራው የኛን መኪኖች ነው፣ በፈረንጅ ከ1990 እስከ 2005 ምናምን የተሠሩትን፣ ኮሮላውን ስታርሌቱን ቪታራውን ላንሰሩን። እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ከኛ ጋ ናቸው። በኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው፣ በ2016 ደሞ መንግስት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ፣ ስለዚ ያለው መኪና ይጠገናል እንጂ የት ይሄዳል፣ ተጠግኖ ተጠግኖ መጨረሻ ላይ ደሞ ኮምፒውተሩ ጋ ይደረሳል።

የኔ ነገር አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ሞቷል የሚል ሰው ማስረጃ ያምጣ። ማስረጃ ስል በቴስተር፣ ቮልትና ኦም በሚለካው መሳሪያ፣ የተለካ ነገር ማለቴ ነው። አሁን እየሆነ ያለው ምንድነው፣ መኪና አልነሳ ይላል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ ቦቢና ይቀየራል፣ የቤንዚን ፓምፕ ይቀየራል፣ ሁሉም አልሠራ ሲል መካኒኩ እጁን ጠርጎ «ኮምፒውተሩ ነው» ይላል። ኮምፒውተሩ ስለተመረመረ አይደለም እኮ፣ ሌላ የሚቀየር ስላለቀ ነው! ከዛ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስልክ ይደውላል፣ ያገለገለ ኮምፒውተር በአውቶቡስ ይላካል፣ ይሰካል፣ ወይ ምንም ለውጥ የለም ወይ ደሞ ለትንሽ ቀን ሠርቶ እሱም ይሞታል። ሁለተኛው ለምን እንደሚሞት እመጣበታለሁ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው።

በመጀመሪያ ግን ኮምፒውተር የሌለውን መኪና እንለይ፣ ምክንያቱም ይሄም ያጋጥማል። የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ካርቡራተር ናቸው፣ ምንም ኮምፒውተር የላቸውም። ዲኤክስ ኮሮላም እንደዛው። ናፍጣው ላንድክሩዘር፣ ባለ ዋን ኤችዜድ ሞተሩ፣ ፓምፑ በሜካኒካል ነው የሚሠራው፣ እሱ ላይ ሞተር አልነሳ ሲል ኮምፒውተር ፍለጋ ዳሽቦርድ ስር ገብቶ የሚቆፍር ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። (ሳቅ)

ወደ ቤንዚኖቹ እንመለስ። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉት፣ ሞተሩን አታስነሱ። ቼክ ኢንጂን መብራቱ በራ? ይሄ ነፃ ምርመራ ነው፣ መሳሪያ አይፈልግም። ከበራ ኮምፒውተሩ ቢያንስ ኃይል አግኝቶ የነቃ ይመስላል። ካልበራ ሶስት ነገር ነው የሚሆነው፣ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ጋ ኃይል አልደረሰም፣ ወይ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። አምፖሉን ደሞ ናቅ አታድርጉት፣ መኪና ሊሸጥ ሲል መብራቱ እንዳያሳጣው አምፖሉን ነቅሎ የሚሸጥ ሰው አለ፣ እዚ ከተማ ውስጥም አለ፣ ስም አልጠራም።

መብራቱ ከሠራ ኮዱን፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር፣ አንብቡ። ስካነር የለኝም አትበሉ። ስካነር የሚሰካበት ያ ባለ 16 ፒን ሶኬት አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው በፈረንጅ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪና በ2001 ነው፣ እኛ ጋ ያሉት ብዙዎቹ ከገልፍ የመጡ ናቸውና ሶኬቱ ቢኖር እንኳን ስካነሩ ላያወራው ይችላል። የቆዩት ቶዮታዎች ኮፈኑ ስር ዲያግኖስቲክ የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አላቸው፣ ክዳኑን ስትከፍቱት የፒኖቹ ስም ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። ቲኢ1 የሚለውንና ኢ1 የሚለውን በአጭር ሽቦ አገናኙ፣ ቁልፉን ኦን አድርጉ፣ መብራቱን ቁጠሩ። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ ካለ ኮድ የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ትንሽ ቆሞ እንደገና ሁለት ጊዜ ካለ 22 ነው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። 31 የማኒፎልድ፣ የአየር ማስገቢያው፣ ግፊት ሴንሰር ነው፣ 41 የስሮትል፣ ፔዳል ስትረግጡ የሚከፈተው የአየር በር፣ ሴንሰር ነው፣ 14 ደሞ ከኢግናይተር፣ ቦቢናውን እሳት ከሚያሰጠው ዕቃ፣ የሚመለሰው ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው፣ 14ን ያዙልኝ እመለስበታለሁ። ስታገናኙ ተጠንቀቁ፣ እዛው ሳጥን ውስጥ ፕላስ ቢ የሚል ፒን አለ፣ እሱን ከኢ1 ጋ ካገናኛችሁት ፊውዝ ታቃጥላላችሁ።

ቪታራ ላይ ደሞ ሌላ ነገር አለ። ቶዮታ ላይ 12 ብልሽት ነው፣ ሞተሩ ሲዞር የሚመጣው የዙር ምልክት የለም ማለት ነው። እነዛ በፈረንጅ 90ዎቹ የተሠሩ ቪታራዎች ላይ ግን 12 ማለት ሰላም ነኝ ማለት ነው፣ ኮድ የለኝም! ቶዮታ ብቻ የለመደ ሰው ቪታራ ላይ 12 አይቶ ዲስትሪቢዩተር፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን፣ ሲቀይር እንደዚ ነው የሚሆነው፣ ዲስትሪቢዩተሩ አልሠራ ሲል ደሞ ምን ይላል? (ከአድማጭ፦ ኮምፒውተሩ ነው!) በቃ።

አሁን ቴስተር ያዙ። ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ ሲዞር ባትሪው ስንት ላይ ይወርዳል? ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ስለ ኮምፒውተር አናውራ፣ መጀመሪያ ባትሪውን ወይ ሞተሪኖውን ጨርሱ። ሞተር ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ነው መሆን ያለበት፣ 16 ምናምን ካያችሁ የአልተርኔተሩ ሬጉሌተር፣ ቮልቱን የሚቆጣጠረው፣ ተበላሽቷል፣ ገዳዩን እዛው አገኛችሁት ማለት ነው።

ቀጥሎ ማሳው፣ ኔጌቲቩ። ብዙ ሰው ማሳን በኦም ነው የሚለካው፣ ቲጥ ሲል ደህና ነው ይላል። አንዲት ክር ሽቦ ብትቀር እንኳን ቴስተሩ ቲጥ ይላል እኮ። ማሳ የሚለካው ሥራ ላይ እያለ ነው፦ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ኢ1 የሚለው ሽቦ ላይ፣ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ጓደኛችሁ ሞተሪኖውን ያዙር። ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ቢበዛ ዜሮ ነጥብ ሁለት ቮልት። ግማሽ ቮልት ወይ ከዛ በላይ ካያችሁ ማሳው ታሟል። ይሄን የምላችሁ ለምን መሰላችሁ፣ እዚ ሙቀት ላይ ሞተር ያፈላል፣ ጓርኒሲዮን ይቀየራል፣ ለሱ ደሞ ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይወርዳል፣ የነዚህ ቶዮታዎች የኮምፒውተር ማሳ ደሞ የሚታሰረው ሞተሩ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ማኒፎልዱ ላይ በአንዲት ትንሽ ቡሎን። ቴስታታ አውርዶ የመለሰው ሰው ያቺን ሽቦ ረስቷት ወይ ቀለም ላይ አስሯት ከሆነ መኪናው ከጋራዥ እንደወጣ ይለፈልፋል፣ ሚኒሞ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ያለው ዙር፣ ይወጣል ይወርዳል፣ ኮዱ ይደበላለቃል። ባለቤቱ «ጓርኒሲዮን ሲሠሩ ኮምፒውተሬን ቀየሩብኝ» ብሎ ይጣላል። አልቀየሩበትም፣ አንድ ቡሎን ነው።

ኃይሉን ስትለኩ ሁለት ነው፣ ሁልጊዜ ያለው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው፣ እና ቁልፍ ሲከፈት በሜይን ሪሌ፣ በዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ በኩል የሚመጣው ፕላስ ቢ። ሪሌውን ከተመሳሳይ ሪሌ ጋ አቀያይሮ ማየት ይቻላል፣ እሱ ርካሽ ነው፣ ማንንም አይጎዳም።

አሁን የምወደው ጋ ደረስን፣ አምስቷ ቮልት። ኮምፒውተሩ ከባትሪው 12 ቮልት ተቀብሎ ውስጡ 5 ቮልት ይሠራል፣ ያንን 5 ቮልት ቪሲ በሚባል ሽቦ ለስሮትል ሴንሰሩና ለግፊት ሴንሰሩ ይልካል። ቴስተራችሁን እዛ ሽቦ ላይ አድርጉ፣ ከ4.5 እስከ 5.5 መሆን አለበት። ዜሮ አገኛችሁ እንበል። እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው «በቃ ኮምፒውተሩ 5 ቮልት አያወጣም፣ ሞቷል» የሚለው፣ ከሩቅ ሲያዩት ደሞ እውነት ይመስላል፣ መብራቱም ላይበራ ይችላል፣ ሞተሩም አይነሳም። ግን ሴንሰሮቹ ሁሉ የሚጠጡት ከአንድ መስመር ነው፣ አንዱ ቤት ቧንቧ ሲፈነዳ የሰፈሩ ውሃ እንደሚጠፋው ማለት ነው። ስለዚ ቴስተሩን ሳታነሱ የግፊት ሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ፣ አልተመለሰም? የስሮትሉን ንቀሉ። ቱክ ብሎ 5 ከተመለሰ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፣ ያ የነቀላችሁት ሴንሰር ውስጡ ሾርት አድርጓል። ሁሉንም ነቅላችሁም ካልተመለሰ ሽቦውን ፈትሹ፣ የተላጠ ሽቦ ቦዲ ነክቶ ሊሆን ይችላል፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍ ዋየሪንግ እዚ አገር ብዙ ነው የሚቀልጠው። ሽቦውም ደህና፣ ኃይሉም ደህና፣ ማሳውም ደህና ሆኖ አምስቷ ቮልት ከሌለች እንግዲህ አዎ፣ ኮምፒውተሩን አውጡት። ማስረጃ ስል የነበረው ይሄንን ነው።

ከዚሁ ጋ የሚሄድ አንድ የኛ ሀገር ጉዳይ አለ። የጃፓኑ ማኑዋል የግፊት ሴንሰሩ ቁልፍ ኦን ሆኖ ሞተር ሳይነሳ ከ3.3 እስከ 3.9 ቮልት ይስጥ ይላል። ያ ባህር ወለል ላይ ነው! ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለል በ100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ያንሳል፣ እዛው ማኑዋል ላይ ደሞ ለ100 ሚሊሜትር ቅናሽ ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ይወርዳል የሚል ሰንጠረዥ አለ። ስለዚ እዚ 3.1 ምናምን ብታገኙ ሴንሰሩ ደህና ነው። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዛም ዝቅ ይላል። እንደውም ለመፈተን ጥሩ ነው፣ ቴስተሩን አስራችሁ ደንገጎን ውጡ፣ ከላይ ቆማችሁ ሞተር አጥፍታችሁ ቁልፍ ኦን አድርጉና እዩት፣ ቁጥሩ ካልወረደ ሴንሰሩ ደንዝዟል። ማኑዋሉን ብቻ አንብቦ ድሬ ላይ ሴንሰር ቀይሮ፣ አዲሱም ያው ቁጥር ሲሰጠው «ኮምፒውተሩ ነው አሳስቶ የሚያነበው» ያለ ሰው አውቃለሁ፣ ጎበዝ መካኒክ ነው ደሞ፣ ከፍታውን ብቻ ነው የረሳው።

14ን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ቶዮታ ላይ ኮምፒውተሩ ለኢግናይተሩ «አሁን እሳት ስጥ» ይላል፣ ኢግናይተሩ እሳት ሲሰጥ «ሰጥቻለሁ» ብሎ ይመልሳል። ያ መልስ ካልመጣ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን፣ ቤንዚን የሚረጩትን፣ ይዘጋል፣ ያልነደደ ቤንዚን ጭስ ማውጫ ውስጥ ገብቶ እንዳያቃጥል ነው። አሁን መካኒኩ መጥቶ ኢንጀክተር ላይ የሙከራ መብራት ይሰካል፣ ብልጭታ የለም፣ «ኮምፒውተሩ ለኢንጀክተር ትእዛዝ አይሰጥም፣ ሞቷል» ይላል። ልክ ያየው ነገር ትክክል ነው፣ ትእዛዝ የለም፣ ግን ኮምፒውተሩ አውቆ ነው የዘጋው፣ ጥፋቱ ኢግናይተሩ ወይ ሽቦው ነው። ስለዚ ኢንጀክተር ላይ ትእዛዝ ሲጠፋ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ኮምፒውተሩ ሞተር እየዞረ መሆኑን አውቋል? የዙሩ ምልክት ከዲስትሪቢዩተሩ እየመጣ ነው? የእሳቱ መልስ አለ? እነዚህ ሁለቱ እየመጡ፣ ኃይልና ማሳ እያለ፣ ኢንጀክተሩ ላይ ትእዛዝ ከሌለ ያኔ እስማማለሁ።

እሺ፣ ሁሉንም ለካችሁ፣ በእርግጥም ኮምፒውተሩ ነው። ይሆናል እኮ፣ አይሆንም አላልኩም። ቶዮታ ራሱ በፈረንጅ 2010 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 1.13 ሚሊዮን ገደማ ኮሮላና ማትሪክስ የጠራው በኮምፒውተር ነው፣ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል ያሉት፣ ቦርዱ ላይ ብየዳው እየተሰነጠቀ ሞተር አልነሳ ይል ወይ መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። ስለዚ ኮምፒውተር ይበላሻል። ጥያቄው ምን ገደለው ነው።

እዚ ድሬ የማያቸው ገዳዮች አራት አምስት ናቸው። አንደኛ ውሃ። ጎርፍ ብቻ አይምሰላችሁ፣ ኤሲ ነው! እዚ ከተማ ኤሲ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ የኤሲው ውሃ የሚወጣበት ቱቦ በአቧራ ይደፈንና ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ተሳፋሪው እግር ጋ ምንጣፉ ይረጥባል፣ ኮምፒውተሩ ደሞ እዛው ነው ያለው። ምንጣፉ ሲረጥብ «ልጅ ውሃ ደፍቶ ነው» እያላችሁ አትለፉት። ሁለተኛ ብየዳ፣ ባትሪ ሳይነቀል ቦዲ መበየድ። ሶስተኛ ባትሪ ሲደክም ከሲኖትራክ ኬብል ማሰር፣ ሲኖ 24 ቮልት ነው ወገን፣ የናንተ 12 ነው። ባትሪ ገልብጦ ማሰርም አለ። አራተኛ ሾርት ያደረገ ነገር፦ ኢንጀክተር፣ ቦቢና፣ ወይ ሚኒሞ የሚያስተካክለው ቫልቭ ውስጡ ሾርት ሲያደርግ ኮምፒውተሩ ውስጥ እሱን የሚያዘው ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ከረንት ያልፍበትና ይቃጠላል። ሁለተኛው ኮምፒውተር የሚሞተው በዚ ነው! ገዳዩ እዛው መኪናው ላይ ተቀምጦ እያለ አዲስ ሰው ታስገቡለታላችሁ። የነዚህ መኪኖች ኢንጀክተር ብዙ ጊዜ 13፣ 14 ኦም አካባቢ ነው፣ አራቱንም ለኩ፣ አንዱ 2 ኦም ካሳየ አገኛችሁት።

አምስተኛው ሙቀት ነው፣ ስለሱ ትንሽ ልቆይ። ቦርዱ ላይ ትናንሽ ጣሳ የሚመስሉ ካፓሲተሮች አሉ፣ ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። እነዚህ ዕድሜ አላቸው፣ ለምሳሌ 105 ዲግሪ ላይ 2,000 ሰዓት ተብሎ ይጻፍላቸዋል፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል፣ በጨመረ ቁጥር ደሞ በግማሽ ይቀንሳል። ቀዝቃዛ አገር ላይ ሰላሳ ዓመት የሚኖር ካፓሲተር ግንቦትና ሰኔን ድሬ ፀሐይ ላይ በሩ ተዘግቶ በቆመ መኪና ውስጥ ስንት እንደሚኖር አስቡት። ሲያረጅ ፈሳሹ ይወጣል፣ ቦርዱ ላይ ይፈሳል፣ ያ ፈሳሽ የመዳቡን መስመር ይበላል። የ80ዎቹ መጨረሻና የ90ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተሮች በዚ የታወቁ ናቸው፣ በተለይ ቪታራና ሚትሱቢሺ። ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ጠዋት ላይ አልነሳ ይላል፣ ሚኒሞው ይዘባርቃል፣ ኮድ ንባብ ቢሞከር መብራቱ ትርጉም የሌለው ነገር ያወራል፣ አንዳንዴ ደሞ ሲሞቅ ይሻለዋል።

ሳጥኑን መክፈት አትፍሩ። ባትሪ ኔጌቲቩን ንቀሉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ሶኬቶቹን መቆለፊያቸውን ተጭናችሁ እንጂ ሽቦውን ጎትታችሁ አታውጡ፣ ቦዲ ነክታችሁ ከዛ ሳጥኑን ያዙ። ክዳኑን ስትከፍቱ በአፍንጫ ጀምሩ፣ የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ካለ ካፓሲተር ነው። ዓይን ደሞ ከስራቸው ቡኒ ወይ አረንጓዴ ምልክት ፈልጉ። የተቃጠለ ትራንዚስተር ጠቁሮ ወይ ተሰንጥቆ ይታያል፣ ሁልጊዜ ግን አይታይም። ካፓሲተር ከሆነ መጠገን ይቻላል፣ ቲቪና ስልክ የሚሠሩት ልጆች እጃቸው ከኛ ይሻላል፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ አካባቢ ሞልተዋል፣ እነሱ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ግን ሶስት ነገር ንገሯቸው፦ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ያው ወይ ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የተጻፈበት። 85 የሚል ካመጡላችሁ እምቢ በሉ። ፕላስና ማይነሱን ሳይገለብጡ። የፈሰሰውን በአልኮል ያጥቡት፣ በቤንዚን አይደለም፣ የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ይቀጥሉት።

ካልተጠገነ ይቀየራል። ስትገዙ በመኪና ስም አትግዙ፣ «የኮሮላ ኮምፒውተር» የሚባል ነገር የለም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ቶዮታ በ89661 ይጀምራል፣ ሱዙኪ በ33920፣ ከዛ በኋላ ያሉት አምስት ቁጥሮችና ፊደሎች ናቸው ዋናዎቹ። የማንዋልና የአውቶማቲክ ካምቢዮ መኪና ኮምፒውተር የተለያየ ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰር ያለውና የሌለው የተለያየ ነው፣ ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ከ90ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያሉት አንዳንዶቹ ላይ ደሞ ኢሞቢላይዘር አለ፣ ቁልፉ ውስጥ ቺፕ አለ፣ ኮምፒውተሩ ያንን ቁልፍ ካላወቀ ሞተሩ ወይ አይነሳም ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። እሱን ስትገዙ ወይ ከነቁልፉ ግዙ፣ ወይ ከድሮው ኮምፒውተር ላይ ቁልፉን የሚያስታውሰውን ትንሿን ባለ ስምንት እግር ቺፕ ወደ አዲሱ የሚያዛውር ሰው ይኑራችሁ። ለዚ ነው የድሮውን ኮምፒውተር አትጣሉ የምለው፣ ሞቶም ያስፈልጋል።

ከመሰካታችሁ በፊት ገዳዩን ግደሉ፣ ብያለሁ። ከሰካችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሚኒሞው ትንሽ ቢዘባርቅ አትደንግጡ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ተዉት፣ ኤሲውን አብርታችሁ እዩት፣ ከዛ ኮዱን እንደገና አንብቡ።

ጥያቄ እንቀበል። እሺ አንተ፣ ቆቡን ያደረግከው።

(ጠያቂ፦ ታክሲ ነው የምነዳው፣ መኪናዬ ጠዋት ሰላም ነው፣ ከሰዓት ቆሞ ይቀራል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ኮምፒውተር ነው ተባልኩ።)

ሊሆን ይችላል፣ ግን ከሱ በፊት ሶስት ነገር እንደዛ ያደርጋል፦ ኢግናይተር፣ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለው ዙሩን የሚያነበው ፒክአፕ፣ እና የቤንዚን ፓምፕ። ሲቀዘቅዝ ከመረመርከው ምንም አታገኝም፣ እንደቆመብህ ነው መመርመር ያለብህ። ሲቆምብህ ቁልፍ ኦን አድርግ፣ መብራቱ በራ? አምስቷ ቮልት አለች? እሳት አለ? ቶዮታ ከሆነ ያችን ሳጥን ከፍተህ ፕላስ ቢን ኤፍፒ ከሚለው ፒን ጋ አገናኝ፣ ፓምፑ ሲዞር ትሰማዋለህ። መብራቱም ቮልቱም ጠፍቶ ከሆነ፣ ኃይሉና ማሳው ደሞ ካለ፣ ሳጥኑን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅክ ጋራዥ ውስጥ ድገመው፣ ሲሞቅ ሞቶ ሲቀዘቅዝ ከተነሳ እሱ ነው። መብራቱ እየበራ እሳት ብቻ ከጠፋ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ሂድ።

እሺ እህታችን።

(ጠያቂ፦ እኔ ባለቤት ነኝ፣ ይሄ ሁሉ አይገባኝም። ጋራዥ ኮምፒውተር ቀይሪ ሲሉኝ እንዴት ልወቅ?)

ቁጥር ጠይቂያቸው። ባትሪው ሲያስነሱት ስንት ነበር፣ የማሳው ስንት ነበር፣ አምስቷ ቮልት ስንት ነበረች፣ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ በይ። የለካ ሰው በደቂቃ ይጽፍልሻል፣ ያልለካ ሰው ይቆጣል። ከቀየሩም አሮጌውን ይስጡሽ፣ ያንቺ ንብረት ነው።

አባባ፣ እርስዎ። ከሐረር ነው የመጡት? ፔጆ? (ሳቅ) እሺ ፔጆዎ ኮምፒውተር የለውም፣ ግን የጠየቁት የልጅዎን መኪና ስለ መበየድ ነው። አባባ ባትሪውን ሁለቱንም እግር ያስነቅሉ፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት ያስነቅሉ፣ የብየዳውን ማሳ ደሞ የሚበየደው ቦታ አጠገብ ያስይዙ፣ ከወዲያኛው ጫፍ አያስይዙት፣ ከረንቱ በኮምፒውተሩ በኩል መንገድ እንዳይፈልግ።

የመጨረሻ። አንተ ፌስታል የያዝከው፣ ምንድነው እሱ? ቪታራ ኮምፒውተር? አምጣው አቦ፣ ከመጀመሪያው ማሳየት ነበረብህ! ካቻቢቴ ያለው ሰው? አመሰግናለሁ። አራት ብሎን ነው፣ ቀረብ በሉ፣ ብርሃኑን አትከልክሉኝ። ምን ነበር ችግሩ? ጠዋት አይነሳም፣ መብራቱም አንዳንዴ አይበራም። እሺ... ሸተታችሁ? አሽትተው አንተ። እዩ ይሄን ጥግ ላይ ያለውን፣ ከስሩ ቡኒ ሆኗል፣ ይሄኛውም። መስመሩ ግን ገና አልተበላም፣ ስልክህን አብራልኝ... አዎ፣ ደህና ነው። ሌላ ገዝተሃል? ቀብድ ከፍለሃል? እንግዲያው ዛሬውኑ ደውልና ቀብድህን አስመልስ፣ ነገ ጠዋት ሙቀቱ ሳይከር ይዘኸው ና፣ ካፓሲተሮቹን 105 ዲግሪ የሚል ገዝተህ ና፣ ማይክሮፋራዱን አሁን ልጻፍልህ፣ እስኪርቢቶ ያለው?